ሚኒያቸር ስለመቀባት የምንሰማቸው ስህተቶች

ሚኒያቸር፣ ማለትም የጣት ቁመት የማታክል የተዋጊ ወይም የጠንቋይ የፕላስቲክ ምስል፣ ቀለም መቀባት ለሚጀምር ሰው ምክር ሞልቷል። ችግሩ ግማሹ ስህተት መሆኑ ነው።

«ለትንሽ ምስል ትንሽ ብሩሽ።» ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ወሳኙ የጫፉ ሹልነት እንጂ የብሩሹ ቅጥነት አይደለም። በጣም ቀጭን ብሩሽ የሚይዛት ቀለም ምስሉ ጋ ሳትደርስ ትደርቃለች። ቁጥር 1 ወይም 2 ሆኖ ጫፉ መርፌ የሆነ ብሩሽ ካባውንም ዓይኑንም ይቀባልሃል።

«ወፈር አድርገህ አንዴ ቀባው፣ ይሸፍናል።» መሸፈኑንማ ይሸፍናል፤ የፊቱን ሽብሽብና የጣቶቹን ክፍተት ጭምር! አክሪሊክ ቀለም ላይ ትንሽ ውሃ ጨምር፣ ብሩሹን ሶፍት ላይ ነካ አድርገህ ትርፉን አስወጣና ቀባ። የመጀመሪያው ዙር ያስጠላል፤ ቀለሙ ሳስቶ ሥሩ ይታያል፣ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያወፍረውም ያኔ ነው። ተወው ይድረቅ፣ ከዚያ ድገመው። ቢጫ ደግሞ ሦስተኛ ዙርም ሊጠይቅህ ይችላል።

«ፕራይመር ትርፍ ወጪ ነው።» አይደለም። ፕራይመር ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ ቀለሙ እንዲይዝ የሚያደርግ ሽፋን ነው። ባዶ ፕላስቲክ ላይ አክሪሊክ በደንብ አይዝም፣ ሲነካካ ይላጣል።

«ጥላ ማለት ጥቁር ቀለም ነው።» ቀይ ካባ ላይ ጥቁር ብትጨምር የቆሸሸ ነው የሚመስለው። ዋሽ የሚባለውን፣ እንደ ውሃ የቀጠነውን ቀለም፣ ወደ ቡናማ የሚያደላውን መርጠህ ቀባው፤ ራሱ ወደ እጥፋቱ ይወርዳል። የተጠራቀመበትን ቦታ ሳይደርቅ በብሩሽ ምጠጠው፣ አለዚያ ዙሪያው ላይ መስመር ይተውብሃል። ሲደርቅ ከፍ ከፍ ያለውን ጨርቅ በዋናው ቀይ መልሰህ ንካው፣ ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ ብርቱካናማ ጠብ ባደረግክበት ቀይ። ነጭ ከጨመርክ ግን ሮዝ ካባ የለበሰ ተዋጊ ታገኛለህ። (ከወደድከው ምን ገዶኝ!)

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን መቀባት አልችልም።» የማን እጅ ነው የማይንቀጠቀጠው? ምስሉን ጠርሙስ ክዳን ላይ ለጥፈህ ያዝ፣ ክንዶችህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፍ፣ የእጅ አንጓዎችህን አገናኝ። ያኔ ሁለቱም እጅ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ መንቀጥቀጡ ብዙም አያስቸግርም። ዓይኑን ደግሞ ፊቱን ሳትጨርስ ቀባው፤ ነጩ ከወጣብህ ዙሪያውን በቆዳው ቀለም ታስተካክለዋለህ።