የትርፍ ጊዜ ምህንድስና መጽሔት ዝግጅት በመሃል አዲስ አበባ

የትርፍ ጊዜ ምህንድስና መጽሔት ምህንድስናን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ለሚሠሩ ሰዎች የሚዘጋጅ ኅትመት ነው። በገጾቹ ላይ የሚወጣው በቤት፣ በጓሮ ወይም በትንሽ ጋራዥ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፦ አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር፣ የሬዲዮ መቀበያ፣ የባትሪ መሙያ፣ የውኃ መሳቢያ፣ ብረት እያሽከረከረ ለሚቀርጸው ማሽን (ለቶርኖ) የሚገጠም ረዳት መሣሪያ። የፖለቲካ መጽሔት አንባቢ አንብቦ ይስማማል ወይም ይቃወማል። የዚህኛው አንባቢ ግን ገጹን ብረት ከሚጨብጠው ሞርሳ አጠገብ ዘርግቶ በእጁ ያለውን ብረት ከሥዕሉ ጋር ያስተያያል፤ ልኩ አልገጥም ሲለው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። የአዘጋጁ ሥራ ከባድም ጣፋጭም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘርፉን መልክ ያስያዘው ፐርሲቫል ማርሻል የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1898 በለንደን «ሞዴል ኢንጂነር» የተሰኘውን መጽሔት ጀመረ። በዚያው ዓመት አንባቢዎቹ የሚገናኙበት ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ፤ በ1907 ደግሞ የእጃቸውን ሥራ የሚያሳዩበት ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። መጽሔት፣ ማኅበርና ዐውደ ርዕይ በአንድ ሰው ዙሪያ መሰብሰባቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በአሜሪካ ሄንሪ ዊንዘር በ1902 «ፖፑላር ሜካኒክስ»ን በቺካጎ መሠረተ፤ በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ እርስ በርስ የሚገናኙት የአማተር ሬዲዮ ሰዎች መጽሔት የሆነው «ኪው ኤስ ቲ» በ1915 ተከተለ።

ከእንዲህ ያሉ መጽሔቶች ታሪክ ሁለት ነገሮች ለአዘጋጅ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው በ1920ዎቹ መጀመሪያ በ«ሞዴል ኢንጂነር» የደብዳቤ ገጽ ላይ የተነሣው ክርክር ነው። በዚያን ዘመን በብዙዎች ዘንድ የታመነው ትንሽ የባቡር ሞዴል በስፒሪት (በአልኮል) ከሚነድ ቀላል ቦይለር፣ ማለትም ውኃ እየፈላ እንፋሎት ከሚሆንበት ጋን፣ የበለጠ እንደማያስፈልገው ነበር። «ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ.» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ አንባቢ ግን፣ በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ (የባቡር መጎተቻ) አምሳል የተሠራና በድንጋይ ከሰል የሚነድ ትንሽ ቦይለር ሰው ይጎትታል ብሎ ተነሣ። ነገሩ በ1924 በመጽሔቱ ዐውደ ርዕይ ላይ ሁለቱን ወገኖች በሐዲድ እስከማፎካከር ደረሰ፤ የእሱ ሎኮሞቲቭም አሳማኝ ሆኖ ወጣ። ያ ባለ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የመጽሔቱ ተወዳጅ ጸሐፊ ሆነ። አዘጋጁ ደብዳቤውን «ከባለሙያዎች አስተያየት ጋር አይሄድም» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጥሎት ቢሆን ኖሮ መጽሔቱ ትልቁን ብዕረኛውን አያገኝም ነበር።

ሁለተኛው «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የጥር 1975 እ.ኤ.አ. እትም ነው። በሽፋኑ ላይ የወጣው «አልቴር 8800» የተባለው የቤት ኮምፒውተር በኋላ ማይክሮሶፍትን የመሠረቱትን ወጣቶች ቢል ጌትስንና ፖል አለንን ወደ ሶፍትዌር ሥራ እንደገፋቸው ይታወቃል። ብዙ የማይነገረው፣ ለፎቶግራፍ የተላከው የመጀመሪያው ማሽን በመንገድ ጠፍቶ በሽፋኑ ላይ የታየው ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን መሆኑ ነው። ማሽኑ በእርግጥ ስለነበረና ስለሠራ ነገሩ በደኅና አለፈ። ሆኖም «ሲሠራ ያላየነውን አናትምም» ለሚል ዝግጅት ክፍል ይህ የሽፋን ሥዕል እስከ ዛሬ የሚያሳቅቅ ነው።

መሃል አዲስ አበባ ለእንዲህ ያለ መጽሔት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በቅርብ ርቀት የሚገኝበት ሰፈር ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚገኘው በዚሁ በአራት ኪሎ አካባቢ ነው። ሽቅብ ወደ አምስት ኪሎ ሲኬድ የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ የኢትዮጵያ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ የሆነው ኢቲ3ኤኤ የሚገኘውም በዚያ ግቢ ነው። ወደ ሜክሲኮ ሲወረድ የሙያ ትምህርት ቤቱ ተግባረ እድ፣ ወደ ምዕራብ ሲታለፍ መርካቶ ከነሶማሌ ተራውና ከነምናለሽ ተራው ይገኛል። ለገሃር ደግሞ በ1929 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የባቡር ጣቢያ ሕንጻ ቆሞ አለ። ተማሪው፣ መካኒኩ፣ የሬዲዮ ጠጋኙና ጡረታ የወጣው የምድር ባቡር ሠራተኛ በአንድ ታክሲ መስመር ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. ከወጣው የፕሬስ አዋጅ ወዲህ በአማርኛ ከወጡት መጽሔቶች የበዙት ግን ፖለቲካን፣ ስፖርትንና ኪነ ጥበብን የያዙ ናቸው። አንባቢው እያለ፣ ብረቱ እያለ፣ ማተሚያ ቤቱ እያለ ሙያው የሚጻፍበት ገጽ ማነሱ ያስቆጫል።

የአዘጋጁ ሥራ የሚጀምረው ጽሑፉ ከእጁ ሲገባ ነው። ቋንቋ ማረም የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ዋናው ቁጥር ማረም ነው። አንድ ጸሐፊ በለገሃር ሐዲድ ላይ ይመላለስ የነበረውን አሮጌ ሎኮሞቲቭ ሞዴል አድርጎ ሠርቶ ላከ እንበል። የድሮው የጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ሞዴል ሠሪዎች በብዛት ከሚጠቀሙባቸው ስፋቶች አንዱ 127 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሞዴሉ ከዋናው ወደ አንድ ስምንተኛ ይጠጋል። አዘጋጁ በመጀመሪያ ክብደቱን ያሰላል፦ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እያንዳንዱ በስምንት ሲካፈል ክብደቱ በ512 ይካፈላል፤ 50 ቶን የነበረው ወደ 98 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ጸሐፊው «ሞዴሉ 20 ኪሎ ይመዝናል» ካለ አንድ ቦታ ላይ ስሌቱ ተዛብቷል፣ ወይም ብረቱ በጣም ስስ ነው። ብረቱ ስስ ከሆነ ጉዳዩ ከስሌት አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል፤ ሞዴሉ በስምንት ስላነሰ የእንፋሎቱ ግፊት በስምንት አይቀንስምና። ቦይለር ያለበት ጽሑፍ ሁሉ የውኃ ግፊት ሙከራ እንዲኖረው የሚጠየቀው ለዚህ ነው፦ አዲስ ቦይለር አፉ ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ተሞልቶ በመደበኛ የሥራ ግፊቱ እጥፍ ይፈተሻል። ውኃ እንደ እንፋሎት ስለማይታመቅ ብየዳው ቢለቅ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም።

በኤሌክትሮኒክስ ጽሑፍ ትልቁ ጠላት ነጥብ ነው። 4.7 ኪሎ ኦም የነበረው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው ዕቃ) ነጥቧ በኅትመት ስትጠፋ 47 ኪሎ ኦም ይሆናል። የአውሮፓ መጽሔቶች ይህን ያመለጡት የመለኪያውን ፊደል በነጥቡ ቦታ በማስገባት፣ «4ኬ7» ብለው በመጻፍ ነው፤ ፊደል እንደ ነጥብ በቀላሉ አይጠፋም። ሌላው ወጥመድ «ማይክሮ»ን የሚያመለክተው የግሪክ ፊደል ነው። ገጽ ቀንባሪው ጽሑፉን ከአንድ የፊደል ዓይነት ወደ ሌላ ሲያዛውር «ሚሊ»ን ወደሚያመለክተው ፊደል ይለወጥና ካፓሲተሩ (የኤሌክትሪክ ሙል የሚያጠራቅመው ዕቃ) በአንድ ሌሊት 1000 እጥፍ ያድጋል። በአማርኛ «ማይክሮ» እና «ሚሊ» ብሎ በሙሉ መጻፍ ገጹን ትንሽ ቢያስረዝምም ከሁሉ ይሻላል።

እያንዳንዱን ዋጋ በወረቀት ላይ እንደገና ማስላትም አይቀርም። በ12 ቮልት የምትሠራ፣ 2 ቮልት የምትወስድና 20 ሚሊ አምፒር የምትፈልግ ትንሽ መብራት የ500 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋታል፤ በገበያ ያለው ቅርቡ 470 ነው። በጽሑፉ «47» ከሰፈረ ከ200 ሚሊ አምፒር በላይ ያልፍና መብራቷ ወዲያው ትቃጠላለች። በሳንቲም የሚተካ ዕቃ ነው፤ ተስፋ የሚቆርጠው ግን የመጀመሪያ ሥራውን የሚሞክረው የ14 ዓመት ልጅ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የ220 ቮልቱ መስመር ነው። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ የሚቀርብ ሥራ ሁሉ በባትሪ ወይም በተዘጋ የኃይል መስጫ መንቀሳቀስ አለበት፤ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት የሚነዳ የኤሌክትሪክ ዑደት ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ለጀማሪ መታተም የለበትም። ከማይክሮዌቭ ምድጃ በተነቀለ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ሥዕል የማቃጠል «ጥበብ»ም በተለያዩ አገሮች ሰው ገድሏል። ያ ዕቃ ወደ 2000 ቮልት የሚያወጣ ነው። ውብ ፎቶግራፍ ይዞ ቢመጣም መልሱ አይሆንም ነው።

ከስሌቱ ቀጥሎ የዕቃው ዝርዝር ይመጣል፤ አዘጋጁ ከወንበሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ንድፍ «2 ቢ.ኤ.» የሚባል የእንግሊዝ ቡሎን ይጠይቃል። ያንን በመርካቶ መፈለግ ጫማ መጨረስ ነው። ቡሎኑ ግን 4.7 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 0.81 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ስለሆነ፣ ባለ 0.8 ጥርሱ የ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ቀዳዳው በጥቂቱ ሰፍቶ ይተካዋል። በከተማችን ቡሎን በሚሊ ሜትር፣ ቧንቧ በኢንች መሸጡንም ጸሐፊው ቢረሳ አዘጋጁ መርሳት የለበትም፤ የቧንቧ ጥርስና የቡሎን ጥርስ በጭራሽ አይተዋወቁም። 12 ቮልት ሞተር ሲያስፈልግ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ሶማሌ ተራ አለ። ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ ከአሮጌ ፕሪንተር ይገኛል፣ በጥቂት በጥቂቱ እየዘለለ ከሚዞረው ስቴፐር ሞተሩ ጋር። ናስ ከአሮጌ የውኃ መክፈቻ ይቀልጣል፤ የቅይጡ ዓይነት ስለማይታወቅ ግን ግፊት ለሚሸከም ክፍል አይሆንም፤ ይህችን ማስጠንቀቂያ የሚጽፋት አዘጋጁ ነው። ዋጋ ባይታተም ይሻላል። ጽሑፉ ተጽፎ እስኪታተም ዋጋው ሌላ ሆኖ፣ አንባቢው ከነጋዴ ጋር መጽሔቱን እያሳየ ይጣላል።

የአንባቢያን ደብዳቤ የዚህ መጽሔት ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። በአገራችን ፖስታ ወደ ቤት ስለማይመጣ ደብዳቤው በመጽሔቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጠራቀማል፤ አንዳንዱ አንባቢም ሥራውን በፌስታል ጠቅልሎ ራሱ ይመጣል። በአካል የመጣውን ተቀብሎ ማነጋገር ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ከአንድ የዕድሜ ባለጸጋ የቶርኖ ባለሙያ ጋር በማኪያቶ ላይ የሚገኘው እውቀት ከብዙ መጻሕፍት የማይገኝ ነው። «ጋሼ፣ ይህችን ይጻፉልን» ሲባሉ ብዙዎቹ «እኔ መጻፍ አልችልም» ይላሉ። መፍትሔው አዘጋጁ እንዲናገሩ አድርጎ ራሱ መጻፍ፣ አንብቦ ማሰማትና በስማቸው ማውጣት ነው።

ደብዳቤ ጸሐፊዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ዕቃ የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ አለ፤ አጭር መልስ ይበቃዋል። «ያዋጣል ወይ?» የሚል አለ፤ ለእሱ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ነገር መጀመሪያ እንደማያዋጣ በትሕትና መንገር ነው። ስሕተት የሚለቅም አንባቢ አለ፤ ከሁሉም የሚከበረው እሱ ነው። ስሙ ተጠቅሶ፣ እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት ዓምድ በጉልህ መውጣት አለበት እንጂ በመጨረሻው ገጽ ጥግ በደቃቅ ፊደል መደበቅ የለበትም።

ከዚያ ደግሞ ነዳጅ የማይፈልግ ጄነሬተር የፈለሰፈ አለ። እሱ የማይደርስበት የምህንድስና መጽሔት በዓለም ላይ የለም። ማፌዝ አይገባም፤ ሰውየው ብዙ ሌሊት ሠርቶበታል፣ መዘውሩም ብዙ ጊዜ በጥሩ እጅ የተበየደ ነው። ማተምም አይገባም፤ ከየትም ሳይገባ የሚወጣ ኃይል የለምና። ጥሩው መልስ ሙከራ ማቅረብ ነው፦ ባትሪው ይነቀል፣ የማሽኑ መውጫ ከራሱ መግቢያ ጋር ይገናኝ፣ አንድ መብራት እንዳበራ 24 ሰዓት በተዘጋ ክፍል ይቆይ። በዚህ መልስ የሚቀየሙ አሉ። አንዳንዱ ግን ማሽኑን ትቶ ወደ እውነተኛ የነፋስ ተርባይን ዞሮ ይመጣል።

በእርግጥ አዲስ ነገር ይዞ የመጣውን አንባቢ ደግሞ አዘጋጁ ከራሱ ጥቅም በተቃራኒ መምከር ይኖርበታል። በብዙ አገሮች ሕግ ከማመልከቻ በፊት በኅትመት የወጣ ፈጠራ አዲስነቱን ስለሚያጣ የባለቤትነት መብቱ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ አንባቢው በቅድሚያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ያነጋግር፣ መጽሔቱ ይጠብቃል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የሚባል የለም። ወረቀትና ቀለም የውጭ ምንዛሪ ናቸው፣ ማስታወቂያ የሚሰጠው የመሣሪያ ነጋዴ ነው፣ ነጋዴው ደግሞ በሚቀጥለው እትም የእሱ ትራፓኖ እንዲመሰገን ይፈልጋል። ማስታወቂያውን ተቀብሎ ምስጋናውን መከልከል የሚችል አዘጋጅ ይቆያል።

መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ዕድሜው ከሌሎች ይረዝማል። በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነብ የነበረ ሰው የዕለቱን ወሬ አንብቦ ይመልሳል፤ የቶርኖ ንድፍ ያለበትን እትም ግን ማንም አይመልስም። እትሙ ከዓመታት በኋላ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል ይገኛል፤ የገዛው ሰው ግን በቀጣዩ ወር የወጣውን እርማት አላየም። ስለዚህ ጠንቃቃ አዘጋጆች በየዓመቱ መጨረሻ የርዕሶች ማውጫ ሲያትሙ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ስም ጎን እርማቱ የወጣበትን እትምና ገጽ አብረው ያሰፍራሉ።