«በየ6 ወሩ ገባ ብሎ መውጣት ነው» እና ሌሎች የግሪን ካርድ ወሬዎች

የአሜሪካ ዜግነት ለማመልከት ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት መቆየት እንደሚያስፈልግ የማያውቅ የለም። የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሮ ለሚኖር ደግሞ 3 ዓመት ይበቃል። ነገሩ የሚወሳሰበው በዚህ መሀል ሰው ከአገር ወጥቶ ሲቆይ ነው። እናት ትታመማለች፣ የውርስ ጉዳይ ይነሳል፣ ለአንድ ወር የተባለው ጉዞ ስምንትና አስር ወር ይሆናል። ከዚያ ምክር መጠየቅ ይጀመራል፤ ምክር ሰጪም አይጠፋም።

ምክሩ የሚሳሳተው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለሚታዩ ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ ግሪን ካርዱ አሁንም ይሠራል ወይ? ሁለተኛው፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው መኖሪያ ሳይቋረጥ ዘልቋል ወይ? ሦስተኛው፣ ሰውየው በአካል አሜሪካ ምድር ላይ ያሳለፋቸው ቀኖች ይሞላሉ ወይ? ኤርፖርት ላይ ያለው ኦፊሰር የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚመጡት ከዓመታት በኋላ፣ የዜግነት ፎርሙ ኤን-400 ሲሞላ ነው። ኤርፖርት ላይ በፈገግታ ያለፈ ሰው ኢንተርቪው ላይ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው።

«በየ6 ወሩ ገባ ብሎ መውጣት ነው»

ይህ የወሬዎች ሁሉ ንጉሥ ነው። ግማሽ እውነት ስላለበትም አይሞትም። እውነቱ፣ አንድ ጉዞ ከ6 ወር ካላለፈ ሕጉ መኖሪያው ተቋረጠ ብሎ በራሱ አይገምትም። ውሸቱ ደግሞ፣ ይህ ብቻ ይበቃል የሚለው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም በአካል መገኘት፣ የሚቆጠረው በጉዞ ሳይሆን በድምር ነው። ከማመልከቻው በፊት ካሉት 5 ዓመታት ቢያንስ ግማሹን፣ 30 ወር፣ አሜሪካ ውስጥ መገኘት ግድ ነው። በቀን ሲሰላ 913 ቀን ይመጣል። በ3 ዓመቱ መንገድ ለሚያመለክት 18 ወር፣ ማለትም 548 ቀን ነው።

ንግድ ያለውና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣ ሰው እናስብ። በየጉዞው 4 ወር ይቆያል። አንድም ጊዜ 6 ወር አልደረሰም፣ ስለዚህ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ግን በዓመት 8 ወር ውጭ፣ 4 ወር አሜሪካ ነው። በ5 ዓመት 20 ወር ብቻ ሞላ። 10 ወር ይጎድለዋል፣ ያንን ጉድለት የሚሞላ ደብዳቤም ማስረጃም የለም።

ለአምስት ወር ወጥቶ ለሳምንት ገብቶ ተመልሶ ለአምስት ወር የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ኦፊሰሩ የጉዞዎቹን ዝርዝር ቁልቁል ሲያይ፣ «ይህ ሰው የሚኖረው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። እንዲህ ያለ አካሄድ ግሪን ካርዱን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ሊከተው ይችላል። መኖሪያና መጎብኛ የሚለዩት በካላንደር ብቻ አይደለም።

ስለ ቀን ቆጠራ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ የወጡበትም የተመለሱበትም ቀን አሜሪካ ውስጥ እንደዋሉ ይቆጠራል። ጁን 1 ወጥቶ ጁን 30 የተመለሰ ሰው የጎደለበት 28 ቀን ነው። ብዙ ለተመላለሰ ሰው ይህ ተጠራቅሞ ሳምንታት ይሆናል። ከ24 ሰዓት በታች የሆነችው የድንበር ጉዞ ደግሞ ፎርሙ ላይ አትጻፍም።

«ከ6 ወር አለፍኩ፣ አለቀልኝ»

አላለቀም። ከ6 ወር በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ጉዞ መኖሪያው ተቋርጧል የሚል ግምት ያስነሳል፤ ግምት ግን ፍርድ አይደለም። አመልካቹ በማስረጃ ሊያፈርሰው ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ከ6 ወር በታች ከሆነ ዝም ብሎ ማመልከት ይችላል፣ ካለፈ ግን የማስረዳቱ ሸክም ወደ እሱ ይዞራል።

ደንቡ ራሱ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያሳምን ይጠቅሳል። አሜሪካ ያለውን ሥራ አልለቀቀም፣ ውጭም አልተቀጠረም። የቅርብ ቤተሰቡ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ አሜሪካ ቆይተዋል። ቤቱ እንደተጠበቀ ነው፣ በተመለሰ ቀን ቁልፉን አውጥቶ የሚገባበት ቤት አለ።

እንግዲህ ይህ በወረቀት ምን እንደሚመስል እንይ። አንድ ዘመዴን ለኢንተርቪው ስናዘጋጅ ጠረጴዛው ላይ የደረደርነው የ7 ወሩን ጉዞ የሚሸፍን የቤት ኪራይ ውል፣ በየወሩ ኪራይ ሲከፈል የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት፣ መሥሪያ ቤቷ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንደሰጣት የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የልጇ የትምህርት ቤት ሪፖርት፣ የመኪና ኢንሹራንስና የዚያ ዓመት የታክስ ትራንስክሪፕት ነበር። የእናቷን የሕክምና ወረቀትም ጨመርን። ኦፊሰሩ ረጅም ጊዜ ያየው ግን የሕክምናውን ሳይሆን የኪራይ ውሉንና የመሥሪያ ቤቷን ደብዳቤ ነበር። ይህ አልገረመኝም። ለምን ሄድሽ ከሚለው ይልቅ ክብደት ያለው፣ ስትሄጂ እዚህ ምን ትተሽ ሄድሽ የሚለው ነው።

በተቃራኒው ቤቱን አስረክቦ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ ሥራውን ለቅቆ ለ8 ወር የሄደ ሰው፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል አሳዛኝ ቢሆን፣ ያንን ግምት ማፍረስ ይከብደዋል።

«ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት ስላለኝ 2 ዓመት ብቆይም ችግር የለም»

በዚህ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት።

ከአሜሪካ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለራቀ ሰው ግሪን ካርዱ ብቻውን ለመግቢያ አይበቃም። ለዚህ ነው ከመውጣት በፊት በፎርም አይ-131 የሚጠየቀው ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት ያስፈለገው፤ እስከ 2 ዓመት ይሠራል። የሚመልሰው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ካርዱን ይጠብቃል፣ መግቢያ ይሰጣል። የዜግነቱን ቆጠራ አይጠብቅም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የፈጀ ጉዞ፣ ፐርሚት ኖረም አልኖረም፣ ያልተቋረጠ መኖሪያ የሚባለውን ይቆርጠዋል። እዚህ ጋ ግምትም ክርክርም የለም።

«እናቴ ታማ ነበር፣ ይረዱኛል» የሚለውም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። ከዓመት በታች ላለ ጉዞ ምክንያቱን መስማት ይቻል ይሆናል። ዓመት ከሞላ በኋላ ኦፊሰሩ ቢያዝንም ሕጉ እጁን ይይዘዋል።

ቆጠራውን የሚጠብቀው ሌላ ፎርም ነው፣ ኤን-470። እሱ ግን ለሁሉም አይደለም። በውጭ አገር ለአሜሪካ መንግሥት፣ ዕውቅና ላለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ የውጭ ንግድ ለሚያካሂድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ለአንዳንድ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ወይም ለሃይማኖት አገልግሎት ለሚሠሩ ነው። አብዛኛው ጠያቂ ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይወጣ አሜሪካ መቆየት ነበረበት፤ ፎርሙም ውጭ የቆየበት ጊዜ ዓመት ሳይሞላ መግባት አለበት። ዘመድ ለማስታመም የሄደ ሰው በዚህ በር አይገባም።

«ዓመት ካለፍኩ 5ቱ ዓመት ከዜሮ ይጀምራል»

ይህ ደግሞ ከልክ በላይ የሚያስፈራ ስህተት ነው። በ5 ዓመቱ መንገድ የሚያመለክት ሰው የሚጠብቀው ከተመለሰበት ጀምሮ 4 ዓመት ከ1 ቀን ነው። በ3 ዓመቱ መንገድ 2 ዓመት ከ1 ቀን።

በምሳሌ እንየው፣ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ማርች 3 ቀን 2022 ወጥታ ማርች 20 ቀን 2023 የተመለሰች ሴት አለች። ዓመት ከ17 ቀን። በ17 ቀን ምክንያት ቆጠራዋ ተቆርጧል። 4 ዓመት ከ1 ቀኑ የሚሞላላት ማርች 21 ቀን 2027 ነው።

ለምን 4? ያን ቀን ስታመለክት ሕጉ ወደኋላ የሚያየው 5 ዓመት ነው። በዚያ መስኮት ውስጥ የሚታየው የድሮው ጉዞ ከዓመት አንድ ቀን ያነሰ ሆኗል። ከዓመት አነሰ ማለት ግን ከ6 ወር በላይ መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የኪራይ ውልና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ ማስረዳቱ ይጠብቃታል። ወረቀቱ ከሌላት ስድስት ወር ጨምራ፣ ከተመለሰች 4 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላት ብታመለክት ያ ግምት ከነጭራሹ አይነሳባትም። እኔ ብሆን እጠብቃለሁ። የማመልከቻው ክፍያ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በወረቀት 760፣ በኦንላይን 710 ዶላር ነው፤ ማመልከቻው ቢወድቅ አይመለስም።

«ፓስፖርቴን ቀይሬያለሁ፣ ማኅተሙ የለም»

ፓስፖርቱ ይቀየራል፣ የአየር መንገዱ የተሳፋሪ ዝርዝር ግን አይቀየርም። መግቢያና መውጫው መንግሥት ዘንድ ተመዝግቧል። ቀኖቹን በትክክል የማያስታውስ ሰው የራሱን የጉዞ መዝገብ ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት በመረጃ ነፃነት ሕጉ መጠየቅ ይችላል። የድሮ የቲኬት ኢሜይሎችም ይረዳሉ። ቀን መሳት ያጋጥማል፣ ይታረማል። አንድን ጉዞ ሆን ብሎ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው፦ በመሐላ ፊት ለጥቅም ሲባል የተነገረ ውሸት በመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ይጥላል፤ እውነቱ ቢነገር ኖሮ ጉዞው ራሱ ባይጎዳ እንኳ።

«ታክስ እስከከፈልኩ ድረስ አሜሪካ እንዳለሁ ነው»

ታክስ ይረዳል፣ ቀን ግን አይሞላም። የሚገርመው ጎጂም የሚሆንበት መንገድ አለ። ውጭ የቆየ ሰው አንዳንዴ ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ «ነዋሪ ያልሆነ» ብሎ ፋይል ያደርጋል። በገዛ እጁ ነዋሪ አይደለሁም ብሎ ፈረመ ማለት ነው። ደንቡ ይህን ቋሚ ነዋሪነቱን እንደተወ አድርጎ ይገምተዋል።

«አመልክቻለሁ፣ አሁን እንደልቤ ልሂድ»

ያልተቋረጠው መኖሪያ መዝለቅ ያለበት እስከ ማመልከቻው ሳይሆን እስከ ዜግነት መሐላው ቀን ነው። ፎርሙ ከገባ በኋላ ከ6 ወር በላይ የቆዩበት ጉዞም ያንኑ ግምት ያስነሳል። አጭር ጉዞ ችግር የለውም፣ የአሻራና የኢንተርቪው ቀጠሮ እንዳያመልጥ ብቻ።

አብሮ የሚነሳው የ90 ቀኑ ነገር ነው። 5 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል፣ እውነት ነው። 30 ወሩን ግን 27 አያደርገውም።

ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ የያዙ ደግሞ ካርዳቸው ላይ «ነዋሪ ከሆነበት» የሚለውን ቀን ይዩት። ካርዱ ከጸደቀበት አንድ ዓመት ወደኋላ ተጽፎ ያገኙታል፤ ስደተኛ ሆነው ለገቡት ደግሞ የገቡበት ቀን ነው። ይህ ቀን ለዜግነት ቆጠራ ይያዛል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ደርሶለታል።

«ዜጋ ከሆንኩ በኋላም ብዙ ከቆየሁ ይነጥቁኛል»

ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። በአንድ ወቅት ሕጉ እንደዚያ ነበር፦ በማመልከቻ ወይም በወላጅ በኩል ዜጋ የሆነ ሰው ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ 3 ዓመት በተከታታይ ከኖረ ዜግነቱን ያጣ ነበር። ጀርመን ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የመጣች፣ በእናቷ በኩል ዜጋ የሆነች አንዲት ሴት ጀርመናዊ አግብታ እዚያ በመኖሯ የአሜሪካ ፓስፖርት ተከለከለች። ከሰሰች። ሽናይደር በራስክ ላይ በሚባለው መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ሕጉን ሻረው፤ አሜሪካ የተወለደ ሰው እንደልቡ ውጭ እየኖረ፣ ሌላው ዜጋ ብቻ ተለይቶ የሚቀጣበት ምክንያት የለም አለ። ከዚያ በኋላ ተርፎ የነበረው፣ ዜግነት ባገኘ በአንድ ዓመት ውስጥ ውጭ አገር ቋሚ መኖሪያ የያዘን ሰው በተጠርጣሪ ዓይን የሚያየው አንቀጽም በ1994 ተሰረዘ። ከመሐላው በኋላ ቀን የሚቆጥር የለም።