«ልጄ ጎመን አይወድም»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለት ሦስቴ ሞከርኩ፣ ተፋው። ልጄ ጎመን አይወድም።» ይህን አባባል መስማት ሰልችቶናል። ልጁ አይወድም ማለት አይደለም፤ ገና አልለመደም። ጎመን መራራነት አለው፤ ሕፃን ደግሞ ሲወለድ ጀምሮ ወደ ጣፋጭ ያደላል፣ መራራን ይጠረጥራል። መጀመሪያ ፊቱን ቢያጨማድድ ጤነኛ ነው።

ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር በመልመዱ ብቻ ይበልጥ ሊወደው እንደሚችል ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሌላ ጥናት፣ እናቶች «አይበላልኝም» ያሉትን አትክልት ፈጭተው ለ7 ወር ሕፃናት ቀን እየዘለሉ ሰጡ። የመጀመሪያው ቀን በአማካይ 39 ግራም ተበላ፤ ለስምንተኛ ጊዜ ሲቀርብ 174 ግራም። እነዚያ እናቶች ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይህን አያዩም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በደንብ የበሰለና የደቀቀ ጎመን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ከዋናው ምግብ በፊት፣ ልጁ ሲርበው ይስጡት፤ ወተት፣ ጭማቂ ወይም ብስኩት ቀድሞ ከገባ አይሠራም። አሠራሩን አይቀያይሩ፤ ዛሬ በቲማቲም፣ ነገ በዝንጅብል ከሆነ ልጁ በየቀኑ አዲስ ምግብ ነው የሚገጥመው። በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለሉ ቢያንስ 10 ጊዜ፣ ካስፈለገም እስከ 15 ይሂዱ። ከተፋው ሳይቆጡ፣ ሳይለምኑ ያንሱት። የሚቆጠረው መቅመሱ እንጂ መጨረሱ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ምግብን መፍራት ስለሚበረታ ትዕግሥቱም የዚያኑ ያህል ይርዘም።

«ገበታው ላይ እያየው ይለምደዋል።» ዓይኑ ይለምደው ይሆናል፤ ምላሱ ግን ካልቀመሰ አይለምድም።

«ሽሮ ውስጥ ደብቄ እሰጠዋለሁ።» ንጥረ ነገሩ ይገባል፣ ጣዕሙ ግን አይታወቅም። ደብቀው ቢሰጡም ግማሿን ማንኪያ ለብቻዋ ያስቀምሱት።

«ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ አለህ።» በዚህ መንገድ ልጁ የሚማረው ከረሜላ መውደድን ነው፤ ጎመኑ የከረሜላ ዋጋ ይሆንበታል። ስለቀመሰ ማመስገን ይበቃል።

«እንግዲያው ቢደጋገም ሁሉም ነገር ይወደዳል።» ይህም ስህተት ነው። አፉን ከፍቶ በግድ የተጎረሰ ምግብ በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ ይጠላል፤ በየገበታው የሚመላለስ አንድ ምግብም ያሰለቻል። ምግቡን ከቀመሰ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም በተደጋጋሚ ካስመለሰው አለርጂ ሊሆን ስለሚችል መድገም የለም፤ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።