አፍሪካ አዳራሽ እና የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል

አፍሪካ አዳራሽ በአዲስ አበባ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚህ ሕንፃ ነው። ከጉባኤው ባልተናነሰ ስሙን ያስጠራው ግን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ነው።

ኮሚሽኑ በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ ሲያደርግ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንፃውን አሠርተው አበረከቱ። ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን በአስመራ የኖረና በኋላም የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት የነደፈ ባለሙያ ነው። ግንባታው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወስዶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ለዚያ ዘመን አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ፍጥነት የሚያስገርም ነበር።

የመስታወቱ ሥራ የተሰጠው ገና ሠላሳ ዓመት ላልሞላው ወጣት ሠዓሊ ነበር። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ሥነ ጥበብ ተምረው፣ በአውሮፓ አገሮች እየተዘዋወሩ የባለቀለም መስታወትንና የሞዛይክን ሙያ አጥንተው ተመልሰዋል። በባለቀለም መስታወት ሥራ ቀለሙ ያለው በራሱ በመስታወቱ ውስጥ ነው፤ ሥዕሉ የሚታየውም ብርሃን ከበስተጀርባው ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ ጠዋት የታየው ሥዕል ከሰዓት በኋላ ሌላ ገጽታ ይኖረዋል፤ በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቀው ሰው ግማሹን እንኳ አላየውም ማለት ይቻላል።

«የአፍሪካ ሙሉ ነጻነት» የተሰኘው ይህ ሥራ ሦስት ክፍል አለው፤ የአህጉሪቱን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ተጋድሎዋንና የወደፊት ተስፋዋን በየተራ ይተርካል። የክፋት ምሳሌ የሆነው ዘንዶ፣ ችቦ ይዞ ወደፊት የሚራመድ ቤተሰብ፣ የጦር ልብስ ለብሶ የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ የያዘ ባላባት ይታዩበታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ሥዕሉ ሲታሰብ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ነበር፤ 17 አገሮች ነጻ የወጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ነው። የ32 አገሮች ተወካዮች ቻርተሩን ለመፈረም ሲመጡ፣ የሚመኙትን ነጻነት ወጣቱ ሠዓሊ አስቀድሞ በመስታወት ሥሎ ጠብቋቸዋል። ይህንን ሥራ ከአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ ማስቀመጥ ማጋነን አይሆንም።

አንድነት ድርጅቱ ኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን በሌላ ስፍራ ሲያደርግ፣ አዳራሹ በኮሚሽኑ እጅ ቀረ። ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ዕድሜ ተጫነው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ ያለው መቋቋም መጠናከር፣ የውጭ መስታወቶቹም መቀየር ነበረባቸው። ከተማችን ያረጀን ሕንፃ ማፍረስ እየቀናት በመጣችበት ዘመን፣ እንደነበረ ሆኖ እንዲታደስ መወሰኑ ሊመሰገን ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ።

ሥራው ዓመታት የፈጀው አለምክንያት አይደለም። ሕንፃውን ያለበሱት ጥቃቅን ሸክላዎች ቀለማቸውና መጠናቸው ከቀድሞዎቹ ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ እንደ አዲስ ተሠሩ፤ ብዛታቸው ከ13 ሚሊዮን በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቤት ዕቃዎች ሳይጣሉ ተጠገኑ። የአፈወርቅ መስታወትም በሙያው በተካኑ ባለሙያዎች ጸድቶ ታደሰ። አፈወርቅ ራሳቸው ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. በማረፋቸው ይህንን አላዩም።

አዳራሹ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል። የስብሰባ አገልግሎቱ እንዳለ ሆኖ ስለ አህጉሪቱ የነጻነትና የአንድነት ጉዞ የሚተርክ ቋሚ ዐውደ ርዕይ ተጨምሮለታል፤ ድሮ በአመዛኙ ዲፕሎማቶች ብቻ ይገቡበት የነበረው ስፍራም ለጎብኚዎች ክፍት እንዲሆን ተደርጎ ተዘጋጅቷል።