ዓይን የሚያየው፣ አፍ የማይለው፦ የፈጣሪ ስም በአይሁድ ዘንድ

ምኩራብ ውስጥ የኦሪት ጥቅልል ሲነበብ አንባቢው ቃላቱን በብር ጠቋሚ እየተከተለ ይወርዳል። ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ የተጻፉበት ቦታ ሲደርስ ዓይኑ አራቱን ፊደላት ያያል፣ አፉ ግን «አዶናይ» ይላል። «ጌታዬ» ማለት ነው። አልተሳሳተም። ይህ ስም በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፏል፤ እንደተጻፈው የሚያነበው ግን የለም።

ድሮ ይጠራ ነበር። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ ሕግ መድበል እንደሚለው የኢየሩሳሌም ሊቀ ካህናት በማስተሰረያ ቀን ስሙን ከአፉ ሲያወጣ ሕዝቡ በግንባሩ ይደፋ ነበር። በ70 እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ ይህ ሥርዓት ቀረ። ስለዚህ «አይሁድ የአምላካቸውን ስም ረሱት» የሚባለው ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። መጀመሪያ ከአክብሮት የተነሳ ተዉት፤ አነባበቡ የጠፋው ኋላ ነው።

ከጸሎትና ከንባብ ውጭ «አዶናይ» ራሱ እንደ ዋዛ አይጠራም። ሃይማኖተኛው አይሁዳዊ በተራ ወሬ መሃል «ሃሼም» ይላል፣ «ስሙ» እንደማለት። እንዴት ነህ ሲባል መልሱ «ባሩክ ሃሼም» ነው፤ የኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ታክሲ ላይ «አዶናይ» የሚል ስቲከር ቢያይ ክው ማለቱ አይቀርም።

«ይሖዋ» የሚለውስ ከየት መጣ? የዕብራይስጥ ፊደል እንደኛ አናባቢውን በሆዱ አልያዘም። ማሶሬቶች የሚባሉ ሊቃውንት በመካከለኛው ዘመን ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ አናባቢ ሲያስገቡ፣ በአራቱ ፊደላት ላይ የ«አዶናይ»ን አናባቢ አስቀመጡ። ለአንባቢው «እዚህ ጋ አዶናይ በል» ማለታቸው ነበር። ኋላ አውሮፓውያን ተነባቢውን ከአንዱ፣ አናባቢውን ከሌላው ገጥመው አነበቡትና «ይሖዋ» ወጣ። ዛሬ የብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግምት «ያህዌ» ወደሚለው ያደላል። የግሪኩ ትርጉም በዚህ ስም ቦታ «ኪርዮስ»፣ ጌታ፣ አለ። የግዕዙ «እግዚአብሔር»ም ቢፈታ «የምድር ጌታ» ነው። ቤተ እስራኤል ለዘመናት «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው ሲጸልዩ እነሱም ስሙን በማዕረግ ነው የጠሩት።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው «ኤሎሂም» ነው። ቃሉ የብዙ ቁጥር ቅርጽ አለው። ከዚህ ተነስቶ አይሁድ ጥንት ስለ ብዙ አማልክት ያወሩ ነበር የሚል አለ፤ ምስጢረ ሥላሴን የሚያነብበትም አለ። የአይሁድ መልስ ሰዋስው ነው፦ የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኤሎሂም ፈጠረ» ይላል፣ «ፈጠሩ» አይልም። ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ የሚቸገር አይመስለኝም። አንድ አዛውንት «መጡ» ስንል ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኛው «አምላክ» ራሱ በግዕዝ ቅርጹ ብዙ ቁጥር ነው፤ ልብስ አልባስ፣ ፈረስ አፍራስ እንደሚባለው ያለ።

«ኤል ሻዳይ»ን ሁላችንም «ሁሉን ቻይ» እያልን እንተረጉመዋለን። የቃሉ ምንጭ ግን አከራካሪ ነው። «ተራራ» ከሚል የአካድ ቃል ጋር የሚያያይዙት አሉ። የጥንት ረቢዎች ደግሞ ለፍጥረቱ «በቃ!» ያለ አምላክ ብለው ተርጉመውታል። በአይሁድ በር መቃን ላይ የምትለጠፈው ትንሽ መያዣ፣ መዙዛ፣ ፊቷ ላይ ብዙ ጊዜ «ሺን» የምትባል ፊደል አለች። የ«ሻዳይ» የመጀመሪያ ፊደል ናት።

ስሞቹ የተለያዩ አካላት አይደሉም። በረቢዎች ትምህርት አራቱ ፊደላት ምሕረቱን፣ ኤሎሂም ፍርዱን ያመለክታሉ። የብሉይ ኪዳን አምላክ ቁጡ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ መልስ ይሆናል። በ1138 ኮርዶባ ተወልዶ ግብፅ የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋ ማይሞኒደስ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከአራቱ ፊደላት በቀር ሌሎቹ ስሞች ሁሉ ከሥራው የወጡ ናቸው ይላል። «የእግዚአብሔር እጅ» ሲባልም እጅ አለው ማለት አይደለም፤ አካል የለውም። ስለ እሱ በትክክል መናገር የሚቻለው ያልሆነውን ብቻ ነው።

ጥንቃቄው ወረቀት ላይ ሲደርስ ይብሳል። ጥቅልል ጸሐፊው ስሙን እየጻፈ ሳለ የእስራኤል ንጉሥ እንኳ ሰላም ቢለው አይመልስም። የተጻፈ ስም አይፋቅም። ቁጥርም አላመለጠም። ዕብራይስጥ ቁጥርን በፊደል ሲጽፍ 15 ማለት 10 እና 5፣ ዮድና ሄ መሆን ነበረበት። ይህ የስሙ ግማሽ ስለሆነ 9 እና 6 ተብሎ ይጻፋል።

ያረጀ ጽሑፍም አይጣልም፤ ጌኒዛ በሚባል ክፍል ይከማችና ብዙውን ጊዜ ይቀበራል። የካይሮው ቤን ዕዝራ ምኩራብ ግን ክፍሉን ሳይቀብር ለዘመናት ሞላው። የካምብሪጁ ምሁር ሰሎሞን ሼክተር በ1896 መጨረሻ ወደዚያ ተጉዞ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ቁራጭ ወደ ካምብሪጅ አስወሰደ። ውስጡ ጸሎት ብቻ አልነበረም። የነጋዴ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ የሕፃናት ፊደል መልመጃ ሳይቀር ነበረበት።