ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፦ ሰርዶውም እኮ ያገሩ ነው

አንድ ዕጩ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊያወራ ይችላል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ «ይሄ ሰውዬ የየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «የዚህ አይደለም» ከተባለ አበቃ፤ መንገዱም ውኃውም ተረሳ። ከዚያ አንዱ ተረቱን ይመዛል፦ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ተረት ከመዘዘ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

እኔ መከራከር አማረኝ። ከተረቱ ጋር አይደለም፤ ተረቱን ወድጄዋለሁ። የምከራከረው ከአጠቃቀሙ ጋር ነው።

ከሰርዶ እንነሳ። ሰርዶ ሣር ነው። ሜዳ ላይ ሲሆን ያምራል፣ ከብትም ይግጠዋል። እርሻ ውስጥ ከገባ ግን ጉድ ነው። ከላይ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ከታች አፈር ውስጥ ይሄዳል፣ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ማረሻ ቢቆርጠው አይሞትም፤ እንዲያውም አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ለብቻው ይበቅላል። አንድ ጊዜ አርሶ የተወው ገበሬ ሰርዶውን አባዛው እንጂ አላጠፋውም። መፍትሔው ደጋግሞ ማረስ፣ ሥሩን አውጥቶ ለፀሐይ መስጠት፣ የቀረውን ጎንበስ ብሎ በእጅ መልቀም ነው። አሰልቺ ሥራ ነው።

በሬው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ጉልበት ብቻ አይበቃም። ተዳፋቱን የለመደ፣ ድንጋዩ የት የት እንዳለ እግሩ የሚያውቅ፣ አየሩና መኖው የተስማማው በሬ ያስፈልጋል። ከሌላ አካባቢ የመጣ በሬ የፈለገ ቢደልብ የቦታው በሽታ አዲስ ሊሆንበት ይችላል። የቆላ ዝንብ የሌለበት ደጋ ላይ ያደገ በሬ ዝንቡ ወዳለበት ቆላ ወርዶ ዝንቡ የሚያመጣው ገንዲ የሚባል የከብት በሽታ ከያዘው፣ ሰርዶ መንቀሉ ቀርቶ ራሱን መሸከምም ያቅተዋል። ስለዚህ ተረቱ መጀመሪያ የእርሻ ምክር ነው፤ ለዚህ መሬት ይህን መሬት የለመደ በሬ ጥመድ ይላል።

ከእርሻ ወጥቶ ወደ ሰው ሲመጣ ትርጉሙ ሰፋ። የአንድን አካባቢ ችግር የሚፈታው ችግሩን ከነሥሩ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው ለማለት እንጠቀምበታለን። ከሩቅ የመጣ አማካሪ ሲያሰለቸን፣ «እኛው እንፍታው» ለማለት ስንፈልግም እንጠራዋለን። አንድ ተንኮለኛ አጠቃቀምም አለው፤ አልገዛም ያለን አካባቢ በራሱ ልጅ አስገዛው የሚል። ይሄኛውን ፖለቲከኞች ጮክ ብለው አይሉትም እንጂ በደንብ ያውቁታል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ተረቱ ግሥ የለውም። «ሰርዶ» የሚለው ቃል ያገሩን ተብሎ «ን» ስለተጨመረለት ተደራጊ ነው። «በሬ» ደግሞ ባገሩ ተብሎ ከፊቱ «በ» ስላለበት መሣሪያ ነው፤ በማረሻ፣ በማጭድ እንደምንለው። አድራጊው የለም። «ያርሰዋል» ወይም «እረሰው» የሚለውን ሰሚው ራሱ ነው የሚሞላው። እና ማነው የሚያርሰው? ዕርፉን የያዘው ገበሬ ነዋ! በምርጫ ቋንቋ ስናየው ገበሬው መራጩ ነው፣ ዕጩው በሬው ነው። ተረቱን እንደ ዘውድ ራሱ ላይ የሚደፋ «ያገር ልጅ» ዕጩ ለካስ ራሱን በሬ እያለ ነው፤ በሬ ደግሞ ይጠመዳል፣ ካልሠራም ይለወጣል። ይሄን ሳስበው ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄኛው ነው። ተረቱ ውስጥ «ያገሩ» የተባለው በሬው ብቻ አይደለም። ሰርዶውም ያገሩ ነው! እዚያው በቅሎ፣ እዚያው ሥር ሰዶ፣ እዚያው እርሻውን ያነቀው ሌላ ማንም አይደለም፣ ያገሩ ሰርዶ ነው። እዚህ መወለድ በራሱ መልካምነት ቢሆን ኖሮ ተረቱ ከነጭራሹ ባላስፈለገ ነበር። «የወንዛችን ልጅ ነው» ሲባል ወንዙ በሬም ሰርዶም እንደሚያበቅል ማስታወስ ደግ ነው።

ይሄ ማለት ግን እንግዳ ዕጩን መጠርጠር ሞኝነት ነው ማለት አይደለም። «ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ» የምንለው ሰው በእርግጥም ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ቃል ሰው እንደሚያስቀይም፣ ከዚህ በፊት ምን ቃል ተገብቶ እንደቀረ አያውቅም። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ መሄጃ ስላለው ነው። ነገሩ ሲበላሽ እዚያው ተቀምጦ አፈሩን የሚበላው ማነው? እሱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳላ።

ሻንጣ ካልን አይቀር፣ አሜሪካኖች ለእንዲህ ያለ ዕጩ «ካርፔትባገር» የሚል ስድብ አላቸው። የእርስ በርስ ጦርነታቸው በ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካበቃ በኋላ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሥልጣንና ትርፍ ፍለጋ ይጎርፋሉ ለተባሉ ሰዎች ነበር የወጣው። ከምንጣፍ ጨርቅ የተሰፋ ሻንጣ አንጠልጥሎ የመጣ፣ ንብረቱ ሁሉ እዚያች ውስጥ ያለ፣ ነገ አንጠልጥሎ የሚሄድ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ «በፓራሹት የወረደ» ይላሉ፤ ፓርቲው ከላይ የጣለው። ሁሉም ጋ ስሙ ይለያያል እንጂ ስሜቱ አንድ ነው።

ሕጉ ግን እንደ ስሜቱ አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለምክር ቤትም ሆነ ለሴኔት ስለ መኖሪያ የሚጠይቀው ዕጩው ሲመረጥ የዚያ ግዛት ነዋሪ እንዲሆን ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከነጭራሹ በምርጫ ክልሉ መኖርም ግዴታ አይደለም። በሩ ክፍት ነው፤ ማስገባት አለማስገባቱ የመራጩ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ የዳንዲን ታሪክ ካላወራሁ አይሆንልኝም። ዊንስተን ቸርችል በ1908 ሚኒስትር ሆነ። በጊዜው ሕግ መሠረት አዲስ ሚኒስትር ወደ መራጮቹ ተመልሶ እንደገና መመረጥ ነበረበት። ተመለሰ፤ ማንቸስተር ላይ ተሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓርቲው ስኮትላንድ ውስጥ ባለችው በዳንዲ አስመረጠው። ከዚያች ከተማ ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም። ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ የዕድሜ ልክ ወንበር አገኘሁ የሚል ነገር አሰፈረ። በዚያው ምርጫ ኤድዊን ስክሪምጀር የሚባል የዳንዲ ተወላጅ ተወዳድሮ ነበር። መጠጥ በሕግ ይከልከል የሚል፣ ብዙ ሰው የሚስቅበት ሰው። ያገኘው ድምፅ 655 ነበር። ሦስት አሃዝ!

ስክሪምጀር ግን አልተወም። በየምርጫው ተመልሶ ይመጣል፣ ይሸነፋል፣ ከተማው ውስጥ ይከርማል፣ እንደገና ይመጣል። ቸርችል ለንደን ላይ ሚኒስቴር ከሚኒስቴር እየተዘዋወረ ነበር። በመሃል የዓለም ጦርነት መጣ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሰው በብዙ እጥፍ ጨመረ፣ ከጦርነቱ በኋላ የከተማዋ የጁት (የጆንያ ቃጫ) ፋብሪካዎች ሠራተኞች ሥራ አጡ። በ1922 ምርጫ ሲደርስ ቸርችል ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ተኝቶ ነበር፤ ዳንዲ የደረሰው ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በወንበር ተይዞ ነው። ስክሪምጀር 32,578 ድምፅ አገኘ፣ ቸርችል 20,466። ያ «የዕድሜ ልክ» ወንበር አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ሄደ። ቸርችል በኋላ ነገሩን ሲቀልድበት ያለ ሹመት፣ ያለ ወንበር፣ ያለ ፓርቲ፣ ያለ ትርፍ አንጀት ቀረሁ ብሏል።

እንግዲህ ያገሩ በሬ አሸነፈ ብለን እንዳናጨበጭብ አንድ ነገር አለ። ዳንዲ ያኔ ሁለት ተወካይ ነበር የምትመርጠው። በዚያው ቀን፣ በዚያው መራጭ፣ ከስክሪምጀር ጎን የተመረጠው ኤድመንድ ሞረል ነው፤ ፓሪስ የተወለደ፣ አባቱ ፈረንሳዊ የሆነ ሰው። መራጩ የትውልድ ቦታ እየቆጠረ ቢሆን ኖሮ ሞረል እንዴት ያልፋል? እኔ እንደገባኝ የቆጠረው ማን አጠገባችን ነበር፣ ማን የኛን ጥያቄ ይዞ መጣ የሚለውን ነው።

የኦባማም ነገር ከዚህ አይርቅም። ሃዋይ ተወልዶ ቺካጎ የገባው በ1985 ነው፣ የሰፈር ሰዎችን ለማደራጀት። በ2000 ለኮንግረስ ወንበር ከነባሩ ቦቢ ራሽ ጋር በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ሲወዳደር «የኛ ሰው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሳደደው፤ ከሁለት ለአንድ በሚበልጥ ልዩነት ተሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ለሴኔት ሲወዳደር የሪፐብሊካኑ ዕጩ በመሃል ራሱን አገለለ፣ ፓርቲው ደግሞ የሜሪላንዱን ነዋሪ አለን ኪስን አመጣ። ምርጫው ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም። ኪስ ማለት ሂላሪ ክሊንተን ኒውዮርክ ሄዳ ስትወዳደር እኔ እንዲህ አላደርግም ብሎ የነቀፈ ሰው ነው እንግዲህ። ውጤቱ ኦባማ 70 በመቶ፣ ኪስ 27 በመቶ። በእርግጥ ኪስ የተሸነፈው በእንግድነቱ ብቻ አይደለም፤ ግን ትናንት እንግዳ የተባለው ኦባማ አሁን ያገሩ በሬ ሆኖ ቁጭ አለ። የትውልድ ቦታው አልተቀየረም። ከገበያ የተገዛ በሬም ስንት ክረምት ካረሰ በኋላ ከየት እንደተገዛ ማን ያስታውሳል?

የሚያስከፋው ጥያቄው ከመራጩ እጅ ወጥቶ ሕግ ሲሆን ነው። ኬኔት ካውንዳ ዛምቢያን ከ1964 እስከ 1991 መርተዋል፤ እዚያው ዛምቢያ ነው የተወለዱት። ወላጆቻቸው ግን ዛሬ ማላዊ ከምትባለው አገር የሄዱ ነበሩ። በ1996 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፕሬዚዳንት ዕጩ እናትም አባትም ዛምቢያዊ መሆን አለባቸው ተባለ፤ ካውንዳ ከውድድር ወጡ። 27 ዓመት የመሩትን አገር! ቀልዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ምርጫውን ያሸነፉት ፕሬዚዳንት ቺሉባም በዚያው አንቀጽ ፍርድ ቤት ተከሰሱ፣ የእሳቸው አባትስ ዛምቢያዊ ናቸው ወይ ተብሎ። ፍርድ ቤቱ ክሱን ቢጥለውም፣ ለሌላው የተዘራው ሰርዶ እሳቸው ደጃፍም በቅሎ ነበር።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውንም እዚህ የሚያመጣ አይጠፋም። እሱ ግን ሌላ ተረት ነው፤ የፈሪ ተረት ነው ብል አትቆጡኝ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚያርስ በሬ ይፈልጋል፣ ያኛው ግን ሰይጣኑ እንዲሠራም አይጠይቅም። ሁለቱን ማደባለቅ ለሰነፍ ያገር ልጅ ይመቻል።

ለነገሩ ስክሪምጀርም ወንበሩን ይዞ አልቀረም። በ1931 ዳንዲ የወንዟን ልጅ ሸኝታ ሁለት አዲስ ሰዎች መረጠች፤ አንዱ ፕሊመዝ የተወለደ፣ ሌላዋ ኤዲንብራ።