ባክቴሪያ ሰዓት አላት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሳይኖባክቴሪያ (እንደ ተክል በብርሃን ምግቧን የምትሠራ ባክቴሪያ) ውስጣዊ ሰዓት አላት ሲባል ብዙዎች «ሲነጋ ትነቃለች፣ ሲጨልም ትተኛለች» ማለት ይመስላቸዋል፤ ጥያቄው ስለተደጋገመ ይህችን አንድ ነጥብ ላብራራ። ለብርሃን ምላሽ መስጠት ብቻውን ሰዓት አያሰኝም። ሰዓት የሚባለው ብርሃኑ ቀን ከሌት ሳይለዋወጥ ቢበራ እንኳ የ24 ሰዓት ገደማ ዑደቱን ጠብቆ የሚቀጥል፣ ሙቀቱ መጠነኛ ለውጥ ቢያሳይም ፍጥነቱ እምብዛም የማይዛባ ሥርዓት ነው።

ሲኔኮኮከስ ኢሎንጋተስ በተባለችው የሳይኖባክቴሪያ ዝርያ ይህን የሚሠሩት ካይኤ፣ ካይቢ እና ካይሲ የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው። ቀን ላይ ካይኤ ካይሲን እየገፋፋ ፎስፌት (ትንሽ ኬሚካላዊ ቅንጣት) እንዲጣበቅበት ያደርጋል፤ ካይሲ ወደ ምሽት ገደማ በፎስፌት ሲሞላ ካይቢ መጥቶ ይይዘውና ካይኤን ጭምር ጠርንፎ ሥራ ያስፈታዋል፤ ገፋፊው ሲታሰር ፎስፌቱ ሌሊቱን ቀስ በቀስ ይራገፋል፣ ካይቢም ይለቃል፣ ካይኤም ነጻ ወጥቶ ዑደቱን እንደገና ያስጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስቱን ፕሮቲኖች ከኤቲፒ (ለሕዋስ ኃይል ከሚሰጠው ሞለኪውል) ጋር በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሲያዋህዱ፣ ሕዋስም ዲኤንኤም በሌለበት ዑደቱ ለቀናት ቀጠለ፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ አስረጂ የለም።

«በ12 ሰዓት ውስጥ የምትከፈል ሕዋስ እንዴት 24 ሰዓት ትቆጥራለች?» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ነው፦ ፕሮቲኖቹ እንዳሉ ለልጆቿ ስለሚከፋፈሉ፣ እኩለ ቀን ላይ የተከፈለች ሕዋስ ልጆች ቆጠራውን ከእኩለ ቀን ይቀጥላሉ እንጂ እንደ አዲስ አይጀምሩም።

ይህ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የባሕሯ ሳይኖባክቴሪያ ፕሮክሎሮኮከስ ካይኤ ስለሌላት፣ በማይቋረጥ ብርሃን ውስጥ ዑደቷ ቶሎ ይጠፋል፤ በየማለዳው ብርሃን ሊያስነሳት ይገባል።